ከወገብ ኦፕራሲዮን በኋላ የት ሆኖ ማገገም ይሻላል፦ ባህር ዳር ዘመድ ቤት፣ ገጠር እናት ቤት ወይስ ወረዳ ከተማ?

የዲስክ (በወገብ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ መሳይ ነገር) ኦፕራሲዮን የተሰራለት ሰው ከሆስፒታል ሊወጣ ነው ሲባል ቤተሰብ ውስጥ ክርክር ይነሳል። እናት «ልጄን ወደ ቤቴ አምጡልኝ» ትላለች፣ ባህር ዳር ያለው ወንድም «እኔ እያለሁ የት ሊሄድ ነው» ይላል፣ ጓደኞች ደግሞ «ኪራይ ቤቱ ይተኛ፣ እኛ እየተፈራረቅን እናየዋለን» ይላሉ። ሁሉም ከልባቸው ነው። ብቻ ክርክሩ ቀስ በቀስ «ማነው አብልጦ የሚወደው» ወደሚል ይዞርና ታማሚው ማንንም ላለማስቀየም ዝም ሲል ድምጹ ጎላ ያለው ዘመድ ጭኖት ይሄዳል።

ታናሽ ወንድሜን ያስታመምኩት እኔ ነኝ፣ ከዛ ወዲህ ሰፈራችን ውስጥ ዲስክ የተባለ ሰው ሁሉ ቤተሰቡ እኔጋ ይደውላል። መጀመሪያ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሽንቱ ቢመጣ ማነው የሚነሳለት? ስሙን ንገሩኝ እላለሁ። «እኛ አለን» መልስ አይደለም። ቀን ቀን ሰው አይጠፋም፣ ጎጃም ውስጥ የታመመ ሰው ቀን ብቻውን አይውልም፣ እንዲያውም ሰው ይበዛል። ሌሊቱ ነው ቤት የሚያስመርጠው።

ሕመሙ ራሱ ምን ይፈልጋል

በአጭሩ ልበለው። ዲስኩ ከቦታው ወጣ ብሎ ነርቭ ሲጫን ሕመሙ ከወገብ ተነስቶ በመቀመጫ አድርጎ እግር ድረስ ይወርዳል፣ ያየው ያውቀዋል፣ ሰው ማስነጠስ ይፈራል። አብዛኛው ሰው ያለ ኦፕራሲዮንም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እየቀለለው ይሄዳል፣ የሚሰራለት ያልቀለለው ወይ እግሩ እየደከመ የሄደው ነው። ስለዚህ ካልተሰራላችሁም ከታች ያለው ይጠቅማችኋል።

ከተሰራ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ 4 እስከ 6 ሳምንታት ማጎንበስ የለም፣ ወገብ ማዞር የለም፣ ዕቃ ማንሳት የለም። 20 ሊትር ጀሪካን ማለት 20 ኪሎ ነው፣ እሱ ይቅርና ባለ 5 ሊትሯንም አታስነኩት። ግን ተኝቶ መክረምም አይደለም! ይሄን ገጠር ላሉ ዘመዶች ማስረዳት ከሁሉም ይከብዳል፣ «የተቆረጠ ሰው እንዴት ይራመዳል» ይላሉ። መራመድ መድኃኒቱ ነው፣ አጭር አጭር፣ በቀን ብዙ ጊዜ፣ በየቀኑ ትንሽ እየጨመሩ። ረጅም ሰዓት መቀመጥ ነው መጥፎው። የናንተ ሐኪም የተለየ ካላችሁ የሱን ያዙ፣ ቁስሉን ያየው እሱ ነው።

እንግዲህ የሚመረጠው ቤት እነዚህን የሚያስችል ነው ማለት ነው፦ ሌሊት የሚነሳ ሰው ያለበት፣ የማያስጎነብስ፣ የሚያራምድ፣ እና የሆነ ነገር ቢፈጠር መኪና የሚያገኝ።

ባህር ዳር ዘመድ ቤት

ትልቁ ጥቅሙ ሆስፒታሉ ቅርብ መሆኑ ነው። ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም እዛው ናቸው፣ ስፌት ለማውጣት (አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው) እና ለመጀመሪያው ቀጠሮ መመላለስ አይኖርም፣ ፊዚዮቴራፒም ካዘዙ ለመከታተል ይመቻል። ፋርማሲ አለ። የከተማ ቤት ከሆነ ቁጭ የሚባልበት ሽንት ቤት ሊኖር ይችላል፣ ይሄ ደግሞ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ በኋላ እመጣበታለሁ።

ጉዳቱን ግን ማንም አያወራውም። ዘመድ ስራ ይሄዳል። ጠዋት 2 ሰዓት ወንድም ይወጣል፣ ሚስቱ ትወጣለች፣ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ታማሚው ከሰራተኛዋ ጋር ይቀራል፣ እሷ ደግሞ ወንድ ልጅ ደግፋ ሽንት ቤት ልትወስድ አትችልም፣ ብትችልም እሱ ያፍራል፣ አፍሮ ደግሞ ውሃ መጠጣት ይቀንሳል። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ፣ «አልጠማኝም» ይላል፣ የሚሸሸው ግን ሽንት ቤቱን ነው። ሁለተኛው ነገር የወንድም ሚስት ናት። ጥሩ ሰው ብትሆንም እንኳ፣ አንድ ክፍል ለስድስት ሳምንት ተይዞባት፣ ጠያቂ ጠዋት ማታ እየገባ፣ ቡናው፣ ዳቦው፣ ስኳሩ... ሸክሙ እሷ ላይ ነው የሚወድቀው እና ማንም አያመሰግናትም። ዘመድ ቤት ከመረጣችሁ ከታማሚው ጋር አንድ ሰው አብሮ ይምጣ፣ እህት ወይ የአክስት ልጅ፣ ስራው እሱን ማየት ብቻ የሆነ፣ እና ከገጠር ጤፍና ሽሮ አስጭናችሁ ላኩ። ያኔ ዘመድነቱም አይሻክርም።

ኮብልስቶኑንም አስቡት። ከዋናው አስፋልት ገባ ያለ ሰፈር ከሆነ ባጃጁ እየነጠረ ሲሄድ ለተሰራ ወገብ መከራ ነው፣ ለቀጠሮ የምትሄዱት በላዳ ወይ በሰው መኪና ቀስ ተብሎ ይሁን።

ገጠር እናት ቤት

የሌሊቱ ጥያቄ እዚህ ቤት ቶሎ ይመለሳል። እናት ትነሳለች። ሳይጠራትም ትነሳለች፣ ትንፋሹ ሲቀየር ትነቃለች። ምግቡም የሷ ነው፣ አጥሚቱ፣ ገንፎው፣ ወተቱ። መራመጃም አለ፣ ግቢው ሰፊ ነው፣ ሰዉ ሁሉ ያውቀዋል፣ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ ከአላፊ አግዳሚው ጋር እያወራ ሕመሙን ይረሳል። ሕመም ብቻውን ከተተወ ይበረታል፣ ይሄ ደግሞ በመድኃኒት ብቻ የሚሸነፍ አይደለም።

ታዲያ ለምን ሁሉም ገጠር አይሄድም?

አንደኛ ሽንት ቤቱ። ተቁጢጦ የሚጠቀሙበት ጉድጓድ ለዲስክ ታማሚ ከሁሉም የከፋ ነው፣ ቁጢጥ ማለት ወገብን ማጠፍ ነው። እኛ ያደረግነው ወረዳ ከተማ ያለ አናጢጋ ሄደን ከእንጨት ጠንከር ያለ ወንበር አሰራን፣ መቀመጫው መሃል ላይ ክብ ቀዳዳ፣ ጠርዙ በደንብ የተላገ፣ ጎንና ጎኑ ላይ ክንድ ማሳረፊያ፣ ቁመቱ ጉልበት ድረስ። ቀን ጉድጓዱ ላይ ይቀመጣል፣ ማታ ቤት ውስጥ ከስሩ ባልዲ ይገባል። ፕላስቲክ ወንበር ቆርጠው ሊያሳምሩላችሁ የሚሞክሩ አሉ፣ አትስሟቸው፣ ከተቆረጠ በኋላ ክብደት አይችልም፣ ሰውዬው ላዩ ላይ እያለ ከተሰነጠቀ ያለቀ ነገር ነው። ክንድ ማሳረፊያው ላይ አትቆጥቡ፣ የሚነሳው በክንዱ ተደግፎ ነው። ይሄ ወንበር ካልተሰራ ገጠር አትውሰዱት እላለሁ፣ መጀመሪያ ወንበሩ ከዛ ሰውየው።

ሁለተኛ መኝታው። መደብ ጠንካራ ስለሆነ ለወገብ ጥሩ ነው ይላሉ፣ ጥንካሬው ልክ ነው ችግሩ ዝቅ ማለቱ ነው፣ ከዝቅታ መነሳት ያሳምማል። አልጋው ጉልበት ድረስ ይሁን፣ ፍራሹ መሃሉ የሰመጠ ስፖንጅ አይሁን። ሲነሳ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይነሳም፣ መጀመሪያ መላ ሰውነቱን አንድ ላይ ወደ ጎን ይዞራል፣ እግሮቹን ከአልጋው ያወርዳል፣ ከዛ በክንዱ ገፍቶ ቁጭ ይላል። ይሄን ለእናትየው አሳዩዋት፣ አለበለዚያ ሁለት እጁን ይዛ ትጎትተዋለች።

ሶስተኛው ርቀቱ ነው፣ ሲመርጥ ብዙ ሰው የሚዘነጋው። ክረምት ላይ ከመንደር እስከ አስፋልት ያለው መንገድ ጭቃ ነው፣ ካለፉት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በጋም ቢሆን መንገዱ የሚዘጋበት፣ ስልክና ኔትወርክ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ከታማሚው ጋር ሌሊት በቃሬዛ ሁለት ሰዓት መሄድ ካለባችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እዛ አታሳልፉ። ስፌቱ ይውጣ፣ ቁስሉ ይዳን፣ ከዛ ይሂድ። እናት ትከፋለች፣ ይክፋት፣ ባህር ዳር ድረስ እሷ ትምጣ።

ወረዳ ከተማ፣ ማንም የማያስበው

እኔን ብትጠይቁኝ ለብዙ ሰው የሚሻለው ይሄ ነው። የቤተሰቡ ቀበሌ ከሚቀርበው ከተማ፣ መራዊ በሉት ዳንግላ፣ አዴት፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣ፣ አንድ ክፍል ቤት ለሁለት ወር መከራየት። ገበያ በዋለ ቁጥር ዘመድ ራሱ ይመጣል፣ እናት ገብታ ሁለት ሳምንት ትቀመጥና እህት ትተካታለች፣ እንጀራ ከቤት ይመጣል፣ ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል በእግር ነው፣ ፋርማሲ አለ፣ መብራት አለ (ሲኖር)፣ መኪና መናኸሪያው ላይ ነው። ዳንግላ ከባህር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በአስፋልት ነው፣ ለቀጠሮ ደርሶ መልስ ይቻላል። ወደ ማርቆስ ለሚቀርብ ሰው ደግሞ እዛም ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ስላለ ክትትሉን ወደዛ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁት።

«ቤት እያለን ኪራይ?» የሚል አጎት መቼም አይጠፋም። የሁለት ወር ኪራይና ሌሊት ተጠርቶ የሚመጣ ኮንትራት መኪና ዋጋውን አስተያዩለት።

ቤቱ ሲፈለግ ምድር ላይ ያለ ይሁን፣ ደረጃ የሌለው፣ ሽንት ቤቱ ከክፍሉ ያልራቀ፣ አከራይዋ ለሰው መብዛት የማትበሳጭ። የመጨረሻውን ቀድማችሁ ንገሯት፣ «ታማሚ ነው ጠያቂ ይበዛል» በሏት፣ አብዛኞቹ «እግዜር ይማረው» ብለው ራሳቸውም ቡና ይዘው ይመጣሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ዝም ብሎ አይደለም።

የኪራይ ቤቱ እና ጓደኞቹ

ይሄ ወጣት ወንዶች የሚመርጡት ነው፣ ቤተሰብ ላለማስጨነቅ ብለው። ጓደኛ የሚጠቅመው በጣም ግልጽ በሆነ ነገር ነው፦ ወረፋ ይይዛል፣ መድኃኒት ያመጣል፣ ለቀጠሮ አብሮ ይሄዳል፣ ያስቃል። ማሳቁ ትልቅ ነው፣ ቤተሰብ መሃል ያለ ታማሚ ሁሉም በሐዘን ዓይን ስለሚያየው ጓደኛ መጥቶ ሲያሾፍበት ሰው የሆነ ይመስለዋል። ሌሊትን ግን ጓደኛ ለአንድ ሳምንት ይችላል፣ ለስድስት ሳምንት አይችልም፣ ስራ አለው ትዳር አለው። የመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ ይሞላል፣ ሁለተኛው ላይ ይሳሳል፣ ከዛ በኋላ «እንዴት ነህ ጀግናው» የሚል ቴክስት ብቻ ነው። ክፋት አይደለም የሰው ነገር እንደዛ ነው። ስለዚህ ይሄን ምርጫ የያዘ ሰው ከጓደኞቹ ጋር አንድ የቤተሰብ ሰው ያስመጣ፣ ጓደኞቹም ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተራ ይውጡና ግማሹ ለሶስተኛው ሳምንት ይቆይ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም አንድ ላይ መምጣቱ ማንንም አይጠቅምም።

ሴት ከሆነች እና ገበሬ ከሆነ ሁሉም ይገለበጣል

እስካሁን ያልኩት ለላጤ ወንድ ነው የሚሰራው። ባለትዳር ሴት ግን የራሷ ቤት ከሁሉም የባሰ ቦታ ነው። እዛ ከተኛች አታርፍም፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ሊጥ ይቦካል፣ ባልየው «አንቺ ተኚ» እያለ ራሱ ሽሮ እያሳረረ ሲያስቸግራት ትነሳለች። ምጣድ ላይ ማጎንበስ፣ እንጨት መማገድ፣ ልጅ ማንሳት፣ ሶስቱም የተከለከሉ ናቸው ሶስቱም ቤቷ ውስጥ ናቸው። ለመውለድ እናቷ ቤት እንደምትሄደው ለዚህም ትሂድ፣ ወይ እህቷ ቤት፣ ልጆቹን ባልና አማት ይያዙ። «ልጆቼን ጥዬ» ትላለች፣ ልጆቹ ይምጡና ይዩዋት፣ እንዳታነሳቸው ብቻ አልጋዋ ላይ ወጥተው ይቀፏት። አስታማሚዋም ሴት ትሁን፣ ባልየው ጎበዝ ቢሆንም እንኳ ገላ መታጠብና ቁስል ማየት ላይ እህቷ እያለች ይቀላታል።

ገበሬውም ከዚህ አይለይም። ሕዳር ታኅሣሥ ላይ የተሰራለት ገበሬ የራሱ ደጅ ላይ ተቀምጦ ያልታጨደ ጤፍ እያየ እንዲያርፍ መጠበቅ የማይሆን ነገር ነው። መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ያዛል፣ ከዛ ቆሞ ያዛል፣ ከዛ ማጭድ ይይዛል። አጨዳና ውቂያው በደቦ እስኪያልቅ ድረስ ከመንደሩ ይራቅ፣ ዘመዶች የምታደርጉለት ትልቁ ነገር ብርቱካን ይዞ መምጣት ሳይሆን ማሳው ላይ መገኘት ነው፣ ካለቀ በኋላ ደውላችሁ «ገብቷል፣ ክምሩ ላይ ነው» በሉት፣ ያቺ ሌሊት ይተኛል። በሬ ያለው ጎረቤት በወንፈል ቢያርስለትና እሱ ሲድን ቢመልስ ደግሞ የሚያፍርበትም ነገር አይኖርም፣ ብዙ ወንድን ሳይድን ከአልጋ የሚያስነሳው ሰው ማስቸገር ማፈሩ ነው።

ጠያቂ፦ በሩ ይከፈት ወይስ ሰዓት ይኑረው?

ሁለት ዓይነት ቤት አይቻለሁ። አንዱ ማንም በፈለገው ሰዓት የሚገባበት፣ ሌላው «ከ10 ሰዓት እስከ 12 ብቻ» የሚል። ከተማ ላይ ሁለተኛው ይሰራል፣ ገጠር ላይ ግን ሁለት ሰዓት በእግሩ የመጣን ሽማግሌ ሰዓት አልደረሰም ብሎ መመለስ ነውር ነው፣ ቂምም ያመጣል። የሚሻለው በሩን ሳይሆን መንበሩን መቆጣጠር ነው፦ ጠያቂው ውጭ በረንዳ ላይ ወይ ዛፍ ስር ይስተናገድ፣ ቡናውም እዛው ይፈላ፣ ወደ ታማሚው ሁለት ሁለት እየሆኑ ገብተው ምሕረት ለምነው ይውጡ።

ከጠያቂ ጋር የሚመጣው ዋና አደጋ ግን ጫጫታው አይደለም፣ መነሳቱ ነው። በኛ ባህል ትልቅ ሰው ሲገባ «ኖር» ተብሎ ይነሳል። ወንድሜን ሊጠይቁት የንስሐ አባታችን ሲገቡ ብርድ ልብሱን ገፍፎ ሊነሳ ሲል፣ እናቴ ከበሩ ላይ «አባ፣ እንዳይነሳ ሐኪም ገዝቶታል!» አለች። አባም ፈገግ ብለው «እንግዲያስ ግዝቱን እኔ አላስፈርሰውም» ብለው ጎንበስ አሉለት፣ መስቀሉን ተኝቶ ተሳለመ። ከዛ በኋላ ለመጣው ሁሉ በሩ ላይ «ተገዝቷል» ማለት ሆነ፣ ማንም አልተቀየመም። አስታማሚ ይሄን ከመጀመሪያው ቀን ብትናገር ብዙ ሕመም ታድናለች።

የሚወራውንም ነገር መቆጣጠር ያስፈልጋል። «የእንትና ልጅ እኮ እንዲህ ተሰርቶ ሽባ ሆኖ ቀረ» የሚል ጠያቂ በየመንደሩ አንድ አለ። ቡና ያዙለት፣ ውጭ።

ወጌሻ፣ ጠበል፣ ጾም

ወጌሻው የመንደሩ ሰው ነው፣ ብዙ ጊዜ ወዳጅ ነው፣ መጥቶ «ላሸው» ማለቱ አይቀርም። ለወለምታ ሊሆን ይችላል፣ በቅርብ የተሰራ ወገብ ላይ ግን እጅ አይነካም፣ በዚህ ላይ ይሉኝታ የለም።

ጠበል የሚተው አይደለም፣ ብቻ ምርጫው መቼና እንዴት ነው። ሰከላ ግሽ ዓባይ ድረስ መሄድ የሚፈልግ ሰው ስፌቱ ወጥቶ ቁስሉ እስኪደርቅ ይቆይ፣ እስከዛው ቤት መጥቶለት ይጠጣ፣ ቁስሉ አይራስ። መድኃኒት አቋርጦ ጠበል የሚለው ነገር ከቤተክርስቲያን የመጣ አይደለም፣ በአቡነ ጳውሎስ ዘመን ለኤችአይቪ ታማሚዎች ጠበሉም መድኃኒቱም አብሮ እንዲሆን በግልጽ ተነግሯል።

ጾሙ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ከመድኃኒቱ ጋር ይጋጫል። የሕመም ማስታገሻዎቹ ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም በባዶ ሆድ ጨጓራ ይልጣሉ (ሁለቱ ደግሞ አንድ ላይ አይወሰዱም፣ የጨጓራ ቁስለት ወይ የኩላሊት ችግር ያለበት ቀድሞ ለሐኪሙ ይናገር)። ታማሚው በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ ካለ ወይ መድኃኒቱን ይተዋል ወይ ጨጓራውን ይጎዳል። የታመመ ሰው አይገደድም፣ የንስሐ አባቱን ጠርታችሁ ፊት ለፊት ይንገሩት፣ ከእናንተ ቢሰማው አይቀበልም ከሳቸው ከሰማ ይበላል። ትራማዶል (ጠንከር ያለው ማስታገሻ) ከታዘዘ እንቅልፍም ድርቀትም ያመጣል፣ ለድርቀቱ ውሃ ማብዛትና ተልባ መጠጣት ይረዳል፣ ሲያምጥ ወገቡን ስለሚያመው ቀድማችሁ ጀምሩ። ጠላም አረቄም ከሱ ጋር በፍጹም፣ «ትንሽ ታሟሙቀዋለች» የሚል አጎት ቢኖርም። ፕሬጋባሊን (የነርቭ ሕመም መድኃኒት) የሚወስድ ደግሞ ተሻለኝ ብሎ በአንድ ቀን አያቁም፣ በሐኪም እየተቀነሰ ነው።

መድኃኒቱን የሚይዘው አንድ ሰው ይሁን። ሶስት ሰው በፍቅር ሲሰጠው ሁለቴ ይውጣል።

ብሩ

ጠያቂ ትራስ ስር የሚያስቀምጠው ብርና በቴሌብር አንድ ሰውጋ የሚሰበሰብ፣ የቱ ይሻላል? የትራሱ ክብር አለው፣ ሽማግሌዎች ሌላ አያውቁም፣ እሱ ይቀጥል። ከአዲስ አበባና ከውጭ ያሉ ጓደኞች ግን አንድ ሰውጋ ይላኩ፣ ያ ሰው ደግሞ አስታማሚዋ ባትሆን ይሻላል፣ እሷ ሂሳብ መያዝ የለባትም። ብዙ እድር ለሞት እንጂ ለሕመም አይከፍልም፣ መጠየቁ ግን አይከፋም፣ ማህበርና ሰንበቴ አንዳንዴ ያዋጣሉ። ጤና መድህን ያላችሁ ደብተሩ መታደሱን እና የሪፈር ወረቀቷ ለሚቀጥለው ቀጠሮ መስራቷን ከመውጣታችሁ በፊት ሆስፒታሉን ጠይቁ፣ ከቤት ወጥታችሁ በር ላይ ስትደርሱ «ሪፈር አምጡ» ከተባላችሁ ያን ሁሉ መንገድ መመለስ ነው።

ጉዞው፣ እና መቼ ተመልሶ ሆስፒታል

የትም ምረጡ የትም፣ ከሆስፒታል ሲወጣ ጋቢና አትያዙለት፣ ቁጭ ብሎ መሄድ ነው የሚጎዳው። ከተቻለ ኮንትራት ይዛችሁ ኋላ ወንበር ላይ በጎኑ ይተኛ፣ ካልሆነ ወንበሩ ወደ ኋላ የሚዘረጋ ይሁን። በየሰዓቱ ቆማችሁ ትንሽ ይራመድ፣ ለሾፌሩ ከመነሳታችሁ በፊት ንገሩት፣ ከመነሻው ከተስማማ አይነጫነጭም።

ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ መኪና የሚፈለግባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ሽንት እምቢ ካለው ወይ ሳያውቀው ካመለጠው፣ በሁለት እግሮቹ መሃልና መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግሩ ከነበረበት ይበልጥ ከደከመ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይ ቁስሉ መግል ከያዘ፣ አንድ ባቱ አብጦ ካመመው፣ ትንፋሽ ካጠረው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሰዓታት ውስጥ መታየት ያለባቸው ናቸው፣ «ይንጋ» አይባልም። ይሄን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉት፣ የሾፌር ስልክ ከስሩ፣ ሁለት ሾፌር።

ሌሊት የሚነሳ ሰው ሳይኖረው፣ ብቻውን የሚኖር፣ ቤተሰቡም ሩቅ የሆነ ሰው ምን ያድርግ የሚሉኝ አሉ። እሱ ሐኪሙን «ጥቂት ቀን አቆዩኝ» ብሎ ይጠይቅ፣ ከዛ ከኪራዩ ይልቅ ጎረቤት የሚያውቀው ቦታ ይምረጥ፣ ከጠያቂው መሃል ደግሞ አንዱን ለይቶ «አንተ ለአንድ ሳምንት እኔጋ እደር፣ ሌላ ምንም አታምጣ» ይበለው። ብዙ ሰው እሺ ይላል፣ ብርቱካን የሚያመጣው ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው ስላጣ ነው።